የላሊበላ መጠለያ ለማን ተሠራ?

የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የጎዳቸው ዝናብ ነው ይባላል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። ዝናብ በላስታ ትናንት አልጀመረም። ዐለቱን የፈለፈሉት ሰዎች ክረምቱን ያውቁት ስለነበር ጣሪያውን አዘንብለው፣ አሸንዳ አውጥተው፣ ውሃው በቦይ በቦዩ ወርዶ ዮርዳኖስ እንዲገባ አድርገው ሠርተዋል። ቦዩ በደለል ሲሞላና ዙሪያው ተራራ ከዛፍ ሲራቆት ግን ውሃው መውጫ አጣ። ታዲያ ጥፋተኛው ሰማዩ ብቻ ነውን?

መድኃኒት ተብሎ የመጣውም ሁሉ አልፈወሰም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀቡ፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ያንኑ ቅብ የመፋቁ ሥራ ሌላ ድካም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአሥራ አንዱ በአምስቱ ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ ጣሪያ ተዘረጋ። «ጊዜያዊ» ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ሕዝብ ምሰሶው ወድቆ ቅርሱን ይጨፈልቀዋል ብሎ ለተቃውሞ አደባባይ ሲወጣ፣ ጊዜያዊው ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ጣሪያው ዝናቡን መከለሉ አይካድም። ነገር ግን ለዘመናት እርጥበት የለመደ ዐለት ከልክ በላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል የሚል ስጋት ከባለሙያዎችም ተሰምቷል።

ስሙም ያስገርማል። መጠለያ በአማርኛ ከቀዬው ለተፈናቀለ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው። በላሊበላ መጠለያ የተሰጠው ከቦታው ላልተነቃነቀው ዐለት ሲሆን፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተነሡት ደግሞ ነዋሪዎቹ ናቸው። ባለ ፎቅ የድንጋይ ጎጆዎቻቸው ለጎብኚ ዓይን ቀሩ፤ ጭስ የማይወጣበት ጎጆ ግን ምን ዓይነት ቅርስ ነው?

በገና ዕለት በቤተ ማርያም ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ በዐለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው ሆነው፣ መላእክትንና እረኞችን መስለው «ቤዛ ኩሉ» ይዘምራሉ። የብረት ጣሪያው የተዘረጋው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ንድፉን ያወጡት መሐንዲሶች የነፋሱን ግፊት አስልተው ይሆናል፤ የዜማው ቦታስ በየትኛው ስሌት ገባ?

ቦዩን ከሰኔ በፊት መጥረግ፣ ተራራውን በአገር በቀል ዛፍ ማልበስ፣ ለዚህም የደብሩን አገልጋዮችና የአካባቢውን ድንጋይ ጠራቢዎች በቋሚ ደመወዝ መቅጠር ይቻላል። አካፋና የቀን አበል የሚበቃው ሥራ ነው። ችግሩ በምረቃ ቀን የሚቆረጥ ሪባን የለውም።