በሩ ክፍት ነው ማለት አይበቃም

በቅርቡ የታተመ አንድ አስተያየት፣ «የሥራ በር ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የበላይ ኃላፊ ተግባር ብቁውን መምረጥ እንጂ አካል ጉዳተኛን ወይም እናትን መንከባከብ አይደለም» ሲል ፈርዷል። ፍርዱ ግን ርትዕ የጎደለው ነው።

አንደኛ፣ ከእንጦጦ ሥር በተዳፋቱ የየካ ምድር በተሠራ፣ ደረጃ ብቻ ባለው ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ መሥሪያ ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣው ሊቅ ዝግ ነው፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለእንዲህ ያለው ሰው እንዲመቹ ማዘዙም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያዘጋጅ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ያስገድዳልና፣ ግዴታን መፈጸም እንደ ምጽዋት ሊቆጠር አይገባም።

ሦስተኛ፣ ብቃት የሚገለጠው ዕድል ሲያገኝ ነው፤ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ይወርዱ ከነበሩት እናቶች መካከል፣ በማኅበር ተደራጅተው በሽመና ጥበብ እንጀራቸውን የሚያገኙ አሉ፤ ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

እንግዲህ ሥልጣን አደራ ነውና፣ አለቆች ሆይ፣ ነገ ማለዳ የመሥሪያ ቤታችሁን ደረጃ ስትወጡ ዘወር ብላችሁ በደጅ የቀረውን ቁጠሩ።