የማያምመውን በሽታ ፍሩ፦ ለዋጃ አብሮ አደጎቼ ማስጠንቀቂያ

አብሮ አደጎቼ፣ ሳንነጋገርበት የቆየ ነገር አለ። በቅሬአችን ድንኳን ተቀምጠን ሟቹን ስናነሣ «ትናንት ደህና ነበር፤ ራቱን በልቶ ተኛ፤ ሌሊት ግማሽ ጎኑን ያዘው» እንባባላለን። ምች ነው የሚል አለ፤ የሰው ዓይን ነው የሚል አለ፤ ቀኑ ደርሶ ነው ብሎ የሚደመድምም አለ። የሞት ቀን በፈጣሪ እጅ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ደም ብዛት እንዳለበት ተነግሮት ክኒኑን የተወውን ሰው ድንኳኑ ውስጥ ያለነው ሁላችን እናውቀዋለን። እያወቅን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ልጆቻችንን ያለ አባትና ያለ እናት እያስቀረ ነው።

የደም ብዛት ክፋቱ አለማመሙ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ቁስል ያቃጥላል፤ ይህኛው ግን ዓመታት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ይጎዳል። «ራሴን ካላመመኝ የለብኝም» የምትሉ ተሳስታችኋል። ያለ መለካት አይታወቅም። በተለያየ ቀን ተለክታችሁ ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90፣ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ፊት መቀመጥ አለባችሁ። ክኒን ተሰጥቷችሁ ቁጥሩ ከወረደ ደግሞ ያወረደው ክኒኑ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ ጣሪያው ስላላፈሰሰ ቆርቆሮውን እንደ ማንሣት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መንገድ ተዘግቶ፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ክኒን ፍለጋ የተንከራተተውን ሰው ሁላችን አይተናል። ያ ሰው ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ክኒኑ ትራሱ ሥር ያለ ሰው የሚተወው በምን ምክንያት ነው?

የእኛ ዕድሜ ሰው የ66ን ረሃብ አይቷል፤ የ77ን ተሻግሯል። ቆቦና አላማጣ፣ ከዚያም ኮረም ላይ የሆነውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልግም። ያንን ያየ ሰው በመጠን ብላ ሲሉት ወደ ችጋር ተመለስ ያሉት ይመስለዋል። የተረፈው ወጥ፣ የሞላው ቅቤ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ለእኛ የመትረፋችን ምስክር ነው። ጨውም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን አሞሌው ከአፋር በግመል ሲመጣ፣ እንደ ገንዘብም ሲቆጠር የነበረበትን ዘመን ያወሩን ነበር። ስለዚህ ጨውን መቀነስ ንፍገት፣ እንግዳንም ማዋረድ ይመስለናል። ይህን ስሜት አልንቀውም፤ ከችግር የተወለደ ነው። ግን ያኔ በሕይወት ያቆየን ልማድ አሁን እየቀጠፈን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት ደግሞ አዋቂው ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እንደሚበላ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ከየት ይገባል? በየቤታችን ጓዳ ገብታችሁ ተመልከቱ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። ሽሮውም ሲዘጋጅ ይገባበታል። ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል፤ ገበታው ላይ ቀርቦም «አልጣፈጠም» ብሎ ጨው የሚያስመጣ አለ። በዚህ ላይ ቡናውን በጨው የሚጠጣ አለ። «እኛ ቆለኞች ነን፣ ላቡ ጨውን ያወጣዋል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ላቡን የሚያፈሰው ማሽላውን የሚኮተኩተው ልጃችሁ ነው እንጂ ጥላ ሥር የተቀመጥነው እኛ አይደለንም።

አሁን የምለምናችሁን ስሙኝ። «ከእንግዲህ ጨው የሚባል አልቀምስም» ብላችሁ አትማሉ። እንዲህ ያለ መሐላ እስከ ቀጣዩ ድግስ ድረስ ነው ዕድሜው፤ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ሰውዬው አልችልም ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። ከዚያ ይልቅ ለመጪው ዓመት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንዳይገባበት ለቤታችሁ ተናገሩ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ግን በየገበታችሁ ያገለግላችኋል። ወጡ ላይ የሚገባውንም ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አስቀንሱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ ልጆቹም ልዩነቱን አያውቁትም። የቤታችሁን ሴት ሳታማክሩ ግን አትጀምሩት። ድስቱን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷም የእናንተው ዕድሜ ናት፤ ደሟንም ማንም ለክቶላት አያውቅ ይሆናል።

ክኒኑን በተመለከተ መርሳት ምክንያት አይሁን። አቦል ሳይጠጣ የሚውል ሰው በመካከላችን የለም። ሐኪሙ ጠዋት ውሰዱ ካላችሁ ክኒኑን ከስኒው አጠገብ አስቀምጡ፤ አቦሉ ሲቀዳ ክኒኑ ይዋጥ። የማይረሳውን ልማድ ይዞ አዲሱን እሱ ላይ ማሰር ይሻላል። የሚያስፈራኝ የጾም ጊዜ ነው። ክርስቲያኑ በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሙስሊሙ በረመዳን ወር ክኒኑን የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ካህናችሁን፣ ሼኻችሁን ጠይቁ፤ ከጾሙ በፊትም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የክኒኑ ሰዓት ወደ ማፍጠሪያው ወይም ወደ ሌላ ጊዜ ይዞር እንደሆነ ተማከሩ። በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታዙሩት፣ አታቋርጡትም።

ስለ ትምባሆና ስለ ጫት ብዙ አልልም፤ የያዘው ሰው ራሱን ያውቃል።

መቀመጥን ግን ልናገር። ወጣት ሳለን ወደ እርሻው በእግር፣ ወደ ቆቦ ገበያም በእግር ነበር። ዛሬ ሽምግልናው ቁጭ ብሎ ነው፤ ለቅሶው ቁጭ ብሎ ነው፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለችውን መንገድ እንኳ በባጃጅ እንሄዳታለን። ጉልበቱን ያመመው ሰው ይሳፈር። የሚችል ግን ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ካዘቀዘቀች በኋላ ለቅሶ ደርሶ በእግሩ ይመለስ። ብቻውን ከሚከብደው ጎረቤቱን ይጥራ፤ ሁለት ሽማግሌ እያወጋ ሲሄድ መንገዱ አይታወቀውም። በመጀመሪያው ሳምንት ሩቅ ለመሄድ አትሞክሩ። በየቀኑ መውጣቱ ይቅደም፤ ርቀቱ በኋላ ይጨመራል።

የመጨረሻው ነገር ለልጆቻችሁ ዛሬ ማታ የምትነግሩት ነው። የሰው አፍ በድንገት ከጠመመ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። አያሹት፤ በአፉ ምግብም መጠጥም አይስጡት፤ የራሱን የደም ብዛት ክኒን እንኳ አያስውጡት። «እስኪነጋ እንየው» አይበሉ። ወደ ቆቦም ሆነ ወደ አላማጣ፣ ቶሎ ወደሚደረስበት ሆስፒታል በዚያችው ሰዓት ይውሰዱት። ጸበሉም ዱዓውም አይቀርም፤ ሆስፒታል አልጋው አጠገብም ይጸለያል። የሚጠራው መኪና የማን እንደሆነ፣ ስልኩ የት እንደተጻፈ፣ የምትውጡት ክኒን የቱ እንደሆነ ከወዲሁ አሳዩአቸው። ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ይያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «መቼ ጀመረው?» ብሎ ነው።