አራት ቀን ሥራ? መጀመሪያ ስለ ቅዳሜ እናውራ

«በሳምንት አራት ቀን ሠርቶ ሙሉ ደመወዝ!» የሚል ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሳያልፍ አይቀርም። ብዙዎቻችን ላይክ አድርገን፣ «እኛ አገር የሚታሰብ አይደለም» ብለን እናልፈዋለን። ግን እስቲ ቆም ብለን እንየው። አጭሩና ረጅሙ ሳምንት እኛም አገር ጎን ለጎን አሉ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛው ጣሪያውን 39 ሰዓት አድርጎታል። ልዩነቱ 9 ሰዓት፣ ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ነው። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ፤ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ልብሱን ሲያጥብ ሌላዋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። 48 ሰዓት የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 በመጀመሪያው ስምምነቱ ያስቀመጠው ልክ ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል።

ሌላው ዓለም ምን አገኘ? ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 61 ድርጅቶች ወደ 2,900 የሚጠጉ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ለስድስት ወር ሞከሩት። ሰዓት ተቀነሰ፣ ደመወዝ ግን አልተነካም። ሙከራው ሲያልቅ 56ቱ እንቀጥላለን አሉ። ሥራ የሚለቀው ሰው ቁጥር በ57 በመቶ ወረደ። ስብሰባ አሳጠሩ፣ ሥራን የሚያቋርጥ ነገር ቀነሱ፣ በቃ። ከእኛ ቢሮዎች ስንቱ ሰዓት በስብሰባ እንደሚያልቅ ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ግን ሁሉም «አራት ቀን» አንድ አይደለም። ቤልጂየም በዚያው ዓመት የፈቀደችው የሳምንቱን ሰዓት ሳይቀንሱ አራት ቀን ውስጥ ማጨቅን ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶቿን ከጥር 2022 ጀምሮ አራት ቀን ተኩል አደረገች። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን ግን ይህ ለውጥ አይመለከታቸውም። አጭር ሳምንት መጀመሪያ የሚደርሰው ድሮም ወንበር ላለው ሰው ነው።

የእኛም ፈተና እዚህ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ፣ በጉርሻ የሚኖር አስተናጋጅ፣ በሞተር ዕቃ የሚያደርስ ልጅ አንድ ቀን ሲቀነስበት እንጀራው ነው የሚቀነሰው። ኑሮው በዚህ ከቀጠለ ደመወዝተኛውም የተረፈችውን ቀን ሌላ ሥራ ሊሠራባት ይችላል። «ሲስተም የለም» እየተባልን የምንመለስባቸው ቢሮዎች ደግሞ በተራ የሚሠራ ሰው ሳይመድቡ ዓርብን ቢዘጉ ሰልፉን ሰኞ እናገኘዋለን።

ስልካችንም አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት «ይቺን ነገር ብቻ ቶሎ» የሚል መልእክት የሥራ ግሩፕ ላይ ከመጣ፣ ሳምንቱ በወረቀት ቢያጥር ምን ዋጋ አለው? አዋጁ ታዘው ከሰዓት በላይ ለሠሩት ሥራ በመደበኛ ቀን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ይከፈል ይላል። በቴሌግራም የታዘዘ ሥራም ሥራ ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የአራት ቀን ሳምንትን ለሁሉም ነገ እናውጅ አንልም፤ «ለእኛ አይሆንም» ብሎ መዝጋትንም አንቀበልም። 48 ሰዓት ጣሪያ ነው እንጂ ወለል አይደለም። አንድ ድርጅት ቢፈልግ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቅ መቀነስ ይችላል። ቢሮ ውስጥ የሚሠራባቸው የግል ድርጅቶች ከቅዳሜ ይጀምሩ። ደመወዝ ሳይነኩ ለሦስት ወር ቅዳሜን ይዝጉ፤ የተጠናቀቀውን ሥራ፣ የደንበኛውን ቅሬታ፣ የለቀቀውን ሰው ይቁጠሩ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ይመለሱ። ጥሩ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራትና መንግሥት 48ን ዝቅ ለማድረግ የሚነጋገሩበት የራሳችን ማስረጃ ይኖረናል።

እናንተም ቪዲዮውን ሼር ከማድረግ አንድ እርምጃ እለፉ። የሥራ ውላችሁን አውጥታችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚል እዩ፤ ከዚያ በእውነት የሠራችሁትን ለአንድ ወር መዝግቡ። በቁጥር የተያዘ ጥያቄ «ደክሞናል» ከሚል ስሞታ ይልቅ ይሰማል።