ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም

በብዙዎቻችን ቤት ሞተር ሳይክል የእንጀራም የአገልግሎትም እግር ነው። ጠዋት ባል ማስነሻውን ሲጫን “ዝዝዝ” የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሞተሩ አይነሣም። ወዲያው “ባትሪው ሞቷል” ይባልና የወሩ አስቤዛ ለባትሪ ይሄዳል። በማግሥቱም ያው ዝዝዝ! ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ነው።

እስቲ ድምፁን አብረን እናዳምጥ። ሲጫኑት “ጠቅ” ብሎ ዝም ካለ ወይም እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ፣ ባትሪውንና ገመዶቹን ጠርጥሩ። ሞተሪኖው ሳይቸገር በፍጥነት እየዞረ ሞተሩ ንቅንቅ ካላለ ግን ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ያለው ጉልበቱን በሚያስተላልፈው ክፍል ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል ጥርሶችና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አሉ። በብዙ ሞተሮች ይህ ፍሪሲዮን ከቮላኖው ጀርባ ሆኖ፣ በውስጡ ሦስት ትናንሽ ሮለሮችና የሚገፏቸው ሞላዎች ይኖሩታል። ሞተሪኖው ሲዞር ሮለሮቹ ተወጥረው ይይዛሉ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ሲፈጥን ይለቃሉ። ሮለሮቹ ሲበሉ፣ ሞላዎቹ ሲደክሙ፣ ቡሎኖቹ ሲላሉ ወይም ዘይቱ ሲቆሽሽ መያዝ ያቅታቸዋል። የደከመ ባትሪም ጉዳቱን ያፋጥናል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ወደ ኋላ ሲመታ ምቱን የሚቀበሉት እነዚያው ሮለሮች ናቸውና።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት በእግር ማስነሻ ሞክሩ። በእግር ተነሥቶ በሞተሪኖ እንቢ ካለ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው። ዘይቱ ከቆየ ቀይሩት፤ ለሞተር ሳይክል የተሠራና “ጃሶ ኤም ኤ” የሚል ምልክት ያለው ይሁን። ተጣብቀው የነበሩ ሮለሮች በዚህ ብቻ የሚላቀቁበት ጊዜ አለ። “አንዴ ይይዝ ይሆናል” እያሉ ማስነሻውን ደጋግሞ መጫን ግን ብረቱን መሞረድ ነው።

ካልተሳካ መካኒኩ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ፣ ዘይቱን አፍስሶ ክዳኑን ይከፍታል። ቮላኖውን ይዞ ከጀርባው ያለውን ትልቅ ጥርስ በእጁ ያዙረው። ወደ አንድ በኩል መዞር፣ ወደ ሌላው መያዝ አለበት። በሁለቱም በኩል እንደ ልቡ ከዞረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ቮላኖ የሚወጣው በማውጫው ነው፤ መዶሻ ያነሣ መካኒክ ካያችሁ ሞተራችሁን እየገፋችሁ ውጡ!

እኅቶቼ፣ “ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው” ብላችሁ አትለፉት፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ቤት ነው። ሙሉው ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሮለርና ሞላ ብቻ መቀየር ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። ሮለሮቹ የሚይዙበት የጥርሱ ገጽ ተቦርቡሮ ከሆነ ግን እሱም አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱም ይንሸራተታል። ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፣ ቡሎኖቹም በደንብ ይጥበቁ። ከሒሳቡ በፊት ደግሞ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።