ሰጋጅ ያለው
ክርስትናም እንደ ግብጽና እንደ ግሪክ አማልክት ወሬ አፈ ታሪክ ይባል የሚል ሰው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይሂድ። እነኦሲሪስ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ጫማውን የሚያወልቅላቸው የለም። በዚያው ሙዚየም እጅ ግን 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያ እንኳ ሊያያቸው አይችልም፣ ለካህናት ብቻ ነው የተፈቀደው። ይህ ክርስትና እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፣ አላታልልም። የመቅደሱ ፍርስራሽ በ1954 እ.ኤ.አ. ለንደን ዎልብሩክ ላይ የተገኘው ሚትራስ የተባለ አምላክም በሮማውያን ዘመን በዚችው ከተማ ሰጋጅ ነበረው። ለእኔ አፈ ታሪክ የሚለው ስም የሚመጣው ሰጋጁ ሲያልቅ ነው፤ የታቦታቱ ባለቤቶች ግን ዛሬም መልሱልን እያሉ ነው።