ንቅለ ተከላው በቀዶ ጥገናው አያበቃም

በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚሰጠው መድኃኒት የበሽታ መከላከል አቅምን ስለሚያዳክም፣ ጤነኛ ሰው ሳያውቀው የሚያሸንፈው ፈንገስ ለእነዚህ ሕሙማን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከደረቀ የርግብ ኩስ ከአቧራ ጋር የሚነሳው ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ በሳንባ ገብቶ እስከ አንጎል ይዘልቃል፤ ምልክቱም አንዳንዴ ትኩሳት የሌለው፣ ቀን በቀን እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ብቻ ነው። ስለዚህ የፈንገስ ምርመራና መድኃኒት የንቅለ ተከላው አካል ሆኖ በጀት ሊያዝለት ይገባል ባይ ነኝ።

«የባክቴሪያና የቫይረስ ኢንፌክሽን ይብሳል፤ ለዲያሊሲስ እንኳ ገንዘብ አጥሮ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በቁጥር እነሱ መብዛታቸው እውነት ነው። ግን ፈንገስ ዘግይቶ ሲደረስበት ኩላሊቱንም ሕይወትንም ይነጥቃል፤ ኩላሊቱን ያጣ ደግሞ ወደዚያው ዲያሊሲስ ይመለሳል። ሕክምናውም ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል፣ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋው የሚሰጠውን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ፣ በየጊዜው ካልተለካ የተተከለውን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ለኤችአይቪ ሕሙማን የሚደረገው የክሪፕቶኮከስ የደም ምርመራ ንቅለ ተከላ ላደረጉትም ይድረስ። ንቅለ ተከላ ያደረጋችሁ ወገኖችም፣ ራስ ምታቱ ከሰነበተ በማስታገሻ አትሸንግሉት፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።