ፉከራውን ለባለቤቱ

የጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሰምተው «ይህማ ኦርኔት ኮልማንን መኮረጅ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሙገሳ መስሏቸው ይሆናል፤ ለእኔ ግን ቅሚያ ነው።

እስቲ ዘመኑን እንቁጠር። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ጋሽ ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን መጫወት የጀመሩት ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ታዲያ ቀዳሚው ከተከታዩ እንዴት ይኮርጃል?

«መሣሪያው ራሱ የፈረንጅ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ነገር ግን አሜሪካዊውን ኮልማን ሃውኪንስን የቤልጂግ ግልባጭ ነው ያለው ማን ነው? ብረቱ የሠሪው ቢሆንም ድምፁ የነፊው ነው። ያ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቆራረጥ፣ ድንገት የሚያጓራው ድምፅ የፎካሪ ትንፋሽ ነው።

ጋሽ ጌታቸው በ2016 እ.ኤ.አ. አርፈዋል፤ ለራሳቸው አይሟገቱም። እኛም ዝም ካልን፣ ዛሬ ሳክስፎን የሚያነሳ ወጣት ደጁ ላይ ያለውን አባት ትቶ ባሕር ማዶ አባት ሲፈልግ ይኖራል። ኮልማንን እናድንቅ፤ ፉከራውን ግን ለባለቤቱ እንተው።